መካነ ሰላም ለምን በቆጂ አልሆነችም?

ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚያቀናው መንገድ ጉጉፍቱን አልፎ፣ በአቀስታ በኩል የወሎው ቦረና እስኪደርስ ድረስ የሚያቋርጠው አገር ከሞላ ጎደል ደጋ ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ውርጭ የሚያርፍበት፣ ሰዉ በጋቢ ተጠቅልሎ ፀሐይ የሚጠብቅበት ከፍታ ነው። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ቀን በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው ከምንም በላይ የሚያየው ተማሪ ነው፤ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ የያዘ፣ በኮንጎ ጫማ ዳገቱን በሶምሶማ የሚወጣ፣ መኪና ሲመጣ ከመኪናው ጋር ሊሽቀዳደም የሚቃጣው ልጅ። መንገዱ የሚያደርሰው መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የቦረና ከተማ ናት። በአንድ ወገን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነው ደንቆሮ ጫካ ከነጭላዳውና ከነቀይ ቀበሮው አለ፤ በሌላው ወገን አገሩን ከጎጃም የሚለየው የዓባይ በረሃ። አትሌቲክስ የሚከታተል ኢትዮጵያዊ በዚህ ሲያልፍ አንድ ጥያቄ ሊያስጨንቀው ይገባል። ከፍታው ይኸው፣ ዳገቱ ይኸው፣ ሯጩም ልጅ ይኸው፤ ታዲያ ከኦሎምፒክ የወርቅ ባለቤቶቻችን መካከል ከዚህ ደጋ የወጣ ለምን ጠፋ?

ስለ ሩጫችን ስንናገር ብዙውን ጊዜ ተፈጥሮን እናስቀድማለን። አየሩ ስስ ስለሆነ ደማችን ኦክስጅን መሸከም ለመደ፣ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ አደጉ እንላለን። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ሮበርት ስኮትና ያኒስ ፒትሲላዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ ማራቶን ሯጮች ከሌላው ሰው ይልቅ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ የሄዱ ሆነው ተገኝተዋል። ይኸው ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ሯጮቹ ከደጋው ሁሉ እኩል የመጡ አልነበሩም፤ ከአርሲና ከሸዋ የወጡት ቁጥራቸው ከሕዝቡ ድርሻ እጅግ የበዛ ነበር። ደጋ ግን አርሲ ብቻ አይደለም። በወሎ ለጋምቦም፣ ሳይንትም፣ ቦረናም ደጋ ነው፤ የልጁም መንገድ ያው ሩቅ ነው። የአርሲዋ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከመካነ ሰላም ጋር ያላት የ200 ሜትር ልዩነት የልጆቿን የደራርቱ ቱሉንና የቀነኒሳ በቀለን ሜዳሊያ ሊያስረዳ አይችልም። እንዲያውም ተፈጥሮ ለምዕራብ ወሎ ያደላችበት ነገር አለ። ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ታዋቂ ጥናት ሯጭ 2,500 ሜትር ላይ እየኖረ ወደ 1,250 ሜትር ወርዶ ቢሠለጥን ከሁሉ የበለጠ እንደሚጠቀም አሳይተዋል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ከ2,600 ሜትር ተነስቶ ከ1,500 በታች ይዘልቃል። የአዲስ አበባ ሯጮች እንጦጦ ወጥተው፣ አቃቂ ወርደው የሚፈልጉትን የከፍታ ልዩነት ይህ አገር በአንድ ቁልቁለት አስቀምጦታል። ተፈጥሮ ብቻዋን ሯጭ ብታወጣ ኖሮ እስካሁን ባወጣች ነበር።

በቆጂ ከሌሎቹ የደጋ ከተሞች የሚለያት አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሐረር ልጅ ናቸው። በቆጂ የመጡት ሊያስተምሩ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ማለዳ ከከተማዋ ጠርዝ ባለው ሜዳና በባሕር ዛፉ መካከል እያሰለፉ ማሮጥ ጀመሩ፤ እዚያው ቀሩ። ከእሳቸው እጅ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። ፋጡማ ሮባ በ1988 በአትላንታ ማራቶን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም ቤጂንግ ላይ እያንዳንዳቸው 5,000ንም 10,000ንም ወሰዱ። ሜዳሊያውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ግን ከሜዳሊያው በፊት የነበረው የአሠራር ልማድ ነው። እኚህ መምህር የያዟቸው ልጆች የተመረጡ አትሌቶች አልነበሩም፤ ክፍል ውስጥ ስማቸው የሚጠራ ተማሪዎች ነበሩ። መምህሩ ልጅቷን በውድድር ቀን ብቻ የሚያዩ አይደሉም፤ በሳምንት ብዙ ቀን ያዩዋታል፤ ስትደክም ያውቃሉ፤ ከቤት ችግር ገጥሟት እንደሆነ ከፊቷ ያነቡታል፤ ዘንድሮ ያልፈጠነችው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ልትፈጥን እንደምትችል ለመታገሥ ጊዜ አላቸው። ለአገራችን ይህ ራሱ አዲስ መንገድ ነበር። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ከክቡር ዘበኛ፣ ምሩፅ ይፍጠር ከአየር ኃይል ነበር የመጡት፤ ጎልማሳ ወታደር ሆነው የተገኙ ሯጮች ናቸው። በቆጂ ግን ፍለጋውን ከካምፕ ወደ ክፍል አመጣችው፤ ሯጩ የሚገኝበትን ዕድሜም በብዙ ዓመት ዝቅ አደረገችው።

አንድ ሰው ነው፣ ዕድል ነው የሚል ይኖራል። መልሱ ኬንያ ውስጥ አለ። ብራዘር ኮልም ኦኮኔል የሚባሉ አይርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ኢተን ከተማ ወደሚገኘው ቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነበር፤ የአሠልጣኝነት ትምህርት አልነበራቸውም። ኢተን 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ ከመካነ ሰላምም ዝቅ ትላለች። ከዚያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 በሶል ኦሎምፒክ 1,500 ሜትርን ያሸነፈው ፒተር ሮኖ ወጣ፤ ለዓመታት የ800 ሜትር ክብረ ወሰን የያዘው ዊልሰን ኪፕኬተርም ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ አዲስ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ዴቪድ ሩዲሻ ደግሞ የኦኮኔል ሠልጣኝ ነበር። ኦኮኔል ያመጡት ትልቁ ፈጠራ ለእኛ አገር የሚጠቅም ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበትነው የዓመቱን ሥልጠና እንዳይረሱ፣ ዕረፍቱን የሥልጠና ጊዜ አደረጉት፤ በተለይ ለልጃገረዶች። ሁለቱ ከተሞች አንድ ቋንቋ፣ አንድ መንግሥት፣ አንድ ፌዴሬሽን የላቸውም። የሚጋሩት ነገር ቢኖር ከፍታና በአንድ ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ አንድ መምህር ነው። ከፍታውን እኛም አለን።

ነገሩ የሩጫ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ደግሞ ከከፍታ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ስፖርት መመልከት ይጠቅማል። ራግቢ በአገራችን ሥር አልሰደደም፤ በደቡብ አፍሪካ ግን የሕዝብ ጨዋታ ነው፤ ከብሔራዊ ቡድኑ ዋና ምንጮች አንዱም የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ክለብ ነው። ማቲስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ክለብ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። የክለቡ ምስጢር ግን ዋናው ቡድን ላይ አይገኝም፤ ሥሩ ዶርም ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የተማሪ መኖሪያ ሕንፃ የራሱ ቡድን አለው፤ ሕንፃዎቹ እርስ በርስ በየዓመቱ ይጋጠማሉ። ራግቢ ተጫዋች እሆናለሁ ብሎ ያልመጣ የግብርና ወይም የሕግ ተማሪ ለሕንፃው ክብር ብሎ ይሰለፋል፤ ከመቶዎቹ መካከል ድንገት አንዱ ጎልቶ ይወጣል፤ ወደ ክለቡ ታዳጊ ቡድን፣ ከዚያ ወደ ዋናው ይሻገራል። ለዓመታት የዚህ ሁሉ አውራ የነበሩት ዳኒ ክሬቨን የብሔራዊ ቡድን ተጫዋችና አሠልጣኝ ሆነው ያገለገሉ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲም የሰውነት ማጎልመሻ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው ናቸው፤ እንደገና መምህር። ይህን ምሳሌ ሳነሳ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በአፓርታይድ ዘመን የዚያ ግቢ በር ለጥቁር ተማሪዎች ዝግ ነበር። የተማሪ ክለብ ሊያፈራ የሚችለው ተማሪ መሆን የተፈቀደለትን ልጅ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ለክለቡም የለም። ይህ ለወሎ ደጋ ሩቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው። ሰውን እስከ ላይኛው ደረጃ የሚያደርሰው በልጅነት የሚይዘው፣ በትምህርት ቤት ጥላ ሥር ያለ፣ አሠልጣኙ የማይቀያየርበት ክለብ ነው፤ ከፍታና ተሰጥኦ ለዚህ ክለብ ግብዓት እንጂ ምትክ አይሆኑም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ልጁን ከትምህርት ቤት ወደ ላይ የሚያሻግረው ሰንሰለት ሙሉ በሙሉ የለም ማለት አይቻልም። ወረዳዎቹ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የታዳጊ ወጣቶች የሥልጠና ፕሮጀክት የሚባለውን አሠራር ያውቁታል፤ የትምህርት ቤቶች ውድድርም ሰላም በነበረበት ጊዜ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይካሄድ ነበር። በ2010 ዓ.ም ተማሪ መቀበል ከጀመሩት አሥራ አንድ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ ከቱሉ አውሊያው ዋና ግቢ ሌላ መካነ ሰላም ላይም ግቢ አለው። ችግሩ ቁርጥራጮቹ አይገናኙም። የወረዳ ውድድር በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ያሸነፈው ሰርተፊኬት ተቀብሎ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተማሪውን ከመላው አገሪቱ ይቀበላል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ለሚመጣው ተማሪ ውድድር ያዘጋጃል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን አያውቀውም።

ይህን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቀረብ ብለን እንየው፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቤቱ ስለሚርቅ ከተማ ውስጥ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቁን፣ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ በሶውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሐሙስ ላይ ስንቁ ይመናመናል። አሁን አሠልጣኝ መጥቶ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጠንካራ ልምምድ ሠርተህ ዓርብ ረጅም ርቀት ሩጥ ቢለው፣ ልጁ በተሰጥኦ ማነስ ሳይሆን በምሳ ማነስ ይወድቃል። ስለ ስፖርት ልማት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ስታዲየምና መም ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን የመጀመሪያው የሥልጠና መሣሪያ ሐሙስ ማታ የሚቀርብ ትኩስ ምግብ ነው። ሁለተኛው መዝገብ ነው። በኖራ በተሰመረ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሰዓት መያዣ፣ በየሁለት ወሩ የእያንዳንዱ ልጅ የ3,000 ሜትር ሰዓት ቢመዘገብ፣ አጠገቡም ቁመቱና የተወለደበት ዓመት ቢሰፍር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንኛውም የምልመላ ውድድር የበለጠ ይናገራል። በአሥራ አራት ዓመቱ ሁሉን የሚቀድመው ልጅ ብዙ ጊዜ ቶሎ የጎረመሰው ነው፤ የኋላ ኋላ ልዩነት የሚያመጣው ሰዓቱ በየጊዜው ሳያቋርጥ እያጠረ የሚሄደው ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያይ ደግሞ ደብተሩን የያዘና ዘንድሮም ከርሞም እዚያው ያለ ሰው ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። መከላከያ፣ ንግድ ባንክ፣ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች የመሳሰሉ ክለቦች ደመወዝ ከፍለው አትሌት ይይዛሉ፤ አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ ማሰልጠኛ ማዕከል አለ፤ ጎበዝ ልጅ ካለ እነሱ ያገኙታል፣ በየወረዳው ክለብ መትከል ጉልበት ማባከን ነው ይባላል። ለክለቦቹ ያለኝን አክብሮት ሳልደብቅ መልሴ ግን ይህ ነው፦ ክለብ የሚወስደው ሰዓቱ የታወቀ ልጅ ነው። ሰዓቱ እንዲታወቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዝለት ሰው ሊኖር ይገባል። ከመካነ ሰላም ተነስቶ በራሱ ገንዘብ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ዘመድ ፈልጎ፣ ጃን ሜዳ ላይ ዕድሉን የሚሞክር ልጅ ከብዙዎች አንዱ ነው፤ የቀሩት አርሶ አደሮች ወይም የቀን ሠራተኞች ሆነው ይቀራሉ፣ ሯጭ መሆናቸውንም ራሳቸው አያውቁም። የትምህርት ቤት ክለብ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያልተነገረለት ጥቅሙ ይመስለኛል። የዕድሜ ጉዳይ የአትሌቲክሳችን የቆየ ራስ ምታት ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው በታዳጊ ውድድር ሲሰለፍ የሚጎዳው ከኋላው የቀረው እውነተኛ ታዳጊ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ያለ፣ መምህራኑ ሲያድግ ያዩት ልጅ ዕድሜው በቀላሉ አይቀየርም።

ከወላጅ የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ሩጫ ልጄን ከትምህርት ያወጣዋል ይላል። ወላጁ ተሳስቷል ብዬ አልከራከርም፤ ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን ጥለው ለማናጀርና ለውጭ ውድድር ሲሉ አዲስ አበባ ላይ ዓመታት አቃጥለዋል፤ እግራቸው ሲጎዳ በእጃቸው ምንም አልቀረም። ከመቶ ሠልጣኝ ዘጠና ዘጠኙ ኦሎምፒክን አያይም። የተማሪ ክለብ ዋጋው የሚታየውም ለዘጠና ዘጠኙ ነው። ፒተር ሮኖ ሶል ላይ ወርቅ ሲወስድ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ሩጫውና ትምህርቱ አልተጣሉም። አሠራሩ ግልጽ ደንብ ይሻል፦ ክፍል የቀረ ልጅ አይሠለጥንም፤ ክፍል ወድቆ ያላሻሻለ ልጅ አይወዳደርም። ይህ ለልጃገረዶች ደግሞ ከሁሉ በላይ ይሠራል። በአማራ ክልል ገጠር ያለ ዕድሜ ጋብቻ ገና አልጠፋም፤ ሴት ልጅ ትምህርቷን ስታቋርጥ ሩጫዋም አብሮ ያበቃል። ስሟ በቡድን ዝርዝር ላይ የሰፈረ፣ የሚጠብቃት ውድድርና የሚጠይቃት አሠልጣኝ ያላት ልጅ ቢያንስ ስትቀር የሚፈልጋት ሰው አላት። ክለቡ ጋብቻን ያስቀራል አልልም፤ ዝም ተብላ እንዳትጠፋ ግን ያደርጋል።

ልብ የሚሰብረው ተቃውሞ የጦርነቱ ነው። በ2014 ዓ.ም ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ሌላ ጦርነት እየተካሄደ ነው፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ሕፃናት በብዛት ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ሩጫ ክለብ መጻፍ ቅንጦት ነው ለሚል ሰው የምመልሰው በትሕትና ነው፤ ክለብ ሰላምን አይተካም። ለረጅም ርቀት ልምምድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከከተማ ወጥቶ በገጠር መንገድ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መሮጥ የግድ ነው፤ ተኩስ በሚሰማበት አገር የትኛውም መምህር ልጆችን በዚያ ሰዓት አያሰማራም፣ ማሰማራትም የለበትም። ሆኖም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የመጀመሪያው ችግር ልጁን መልሶ ማምጣት ይሆናል። ሁለት ዓመት ከብት ሲጠብቅ የቆየ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከትንንሾች ጋር ሰባተኛ ክፍል ተቀመጥ ሲባል ያፍራል። በሩጫ ሜዳ ግን ዕድሜው አያሳፍረውም፤ እግሩ ያስከብረዋል፤ ለመሮጥ ሲል ተመልሶ ይመዘገባል። ስቴለንቦሽ በሯን በዘር ዘግታ ያጣችውን እኛ በጦርነትና በድህነት እንዳናጣው፣ ክለቡ ትምህርት ያቋረጠውን ልጅ አስመዝግቦ መቀበል አለበት።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከሚታሰበው ያነሰ ነው የሚያስፈልገው። የስፖርት ሳይንስ ተመራቂዎች ከበርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ይወጣሉ፤ ሜዳ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥ ቤት ለብዙ ተማሪ ያበስላል፣ በሳምንት ለሦስት ቀን ሃያ ሠላሳ ታዳጊ ቢጨመርበት አይናጋም። ክረምት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲወጣ ዶርሙ ባዶ ነው፤ ኢተን ላይ በትምህርት ዕረፍት የተደረገው በዚያ ጊዜ መካነ ሰላም ላይ ሊደረግ ይችላል፤ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከአጅባር የተመረጡ ልጆች መጥተው ሦስት ሳምንት ቢያድሩ። የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍሎች እርስ በርስ የሚያደርጉት ውድድር ደግሞ እንደ ስቴለንቦሽ ሕንፃዎች ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ቢሆንና የከተማዋ ትምህርት ቤቶችም ቡድን ይዘው ቢገቡበት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ከሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጋር ተጋፍቶ ይሮጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ሥልጠናው ከዜሮ አይጀምርም። በጣም የሚከብደው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ ውዱ፣ መምህሩን ማቆየት ነው። ጎበዝ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሁለት ዓመት አገልግሎ ወደ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ዝውውር ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ መብቱ ነው፣ ደመወዙ አይበቃውም፣ ቤት የለውም፣ ልጆቹንም የሚያስተምርበት የተሻለ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ክልሉም ዞኑም ለአትሌቲክስ የሚመድቡት የመጀመሪያ ብር ለመም ንጣፍ ከሚሆን ይልቅ መካነ ሰላም ላይ ለአንድ አሠልጣኝ መምህር መኖሪያ ቤት፣ ቢያንስ ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ የደረጃ እድገትና የአሠልጣኝነት አበል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከእሱም ጋር አንዲት ሴት ረዳት አሠልጣኝ፣ ወላጆች ሴት ልጃቸውን ያለ ሥጋት እንዲልኩ።